የዶሼና የአብዶሽ ጉዳይ

ጠበቃ አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ
ለመጣ ሰው ሁሉ እናገራለሁ፣ ደጋግሜ።
ፈቃድ የለኝም፤ ካባም አልለበስሁ፤
ከፍርድ ቤቱ በር ሃያ እርምጃ ርቄ ከኒሟ ሥር ነኝ፣ እዚሁ።
ስሜ ወርቃፈራሁ። ወርቁን ግን አላየሁ።

አንድ ጠረጴዛ፣ እግሩ በድንጋይ የተደገፈ፤
አንድ የጽሕፈት መኪና፣ ከምድር ባቡር ጨረታ የተረፈ።
‘ዶ’ ፊደሉ ስብር ነው፤ በስክሪብቶ እሞላዋለሁ፤
የከዚራ ነፋስ ወረቀት ሲያነሳ ጠጠር እጭናለሁ።
ዋጋዬ የታወቀ፣ ለአንድ ገጽ ስልሳ ብር፤
ምክር አልሸጥም፤ በነፃ ካመለጠኝ ግን አይቆጠር።
ችሎት ቀርቤ አልቆምም፤ ስም ሲጠራ አልሰማም፤
የእኔ ቃል ይገባል፣ እኔ ግን አልገባም።

ሩማና የመጣች ዕለት ግንቦት ነበር፣ ቀትር፤
አስፋልቱ ጫማ ይይዛል፣ ውሻው ተኝቷል ድልድይ ሥር።
ከፌስታል ውስጥ ያላትን ወረቀት ሁሉ ዘረገፈች፤
‘አቦ ወርቃፈራሁ፣ ጠበቃው አሥር ሺህ አለኝ’ አለች።
‘እኔ ከፊራ ሳምቡሳ ሻጭ ነኝ።
አሥር ሺህ ብር ስንት ሳምቡሳ ይሆናል?’
ደመርሁ፣ ዝም አልሁ። አንዳንዱ ሒሳብ ዋጥ ሲያደርጉት ይሻላል።

ጉዳዩ፦
ባሏ አብዶሽ ነው፤ እናቱ ያወጣችለት፣
ሰፈር የሚጠራው፣ ድንጋዩ ላይ የተጻፈለት።
ግን በጉብዝናው፣ ለገሃሬ ዎርክሾፕ ሲቀጠር፣
መዝጋቢው ፈረንጅ ግማሹን ሰማ፣ ግማሹን አጠፈ፣
‘ዶሼ’ ብሎ ጻፈ።
ሠላሳ ሁለት ዓመት ዶሼ ፍሬን ጠገነ፣ ለደመወዝ ፈረመ፤
አብዶሽ ማታ ማታ ጫማውን አወለቀ፣ ከሚስቱ ጋር ከረመ፤
አረጀ፣ ታመመ።

አሁን መሥሪያ ቤቱ ምን ይላታል? ‘እናት፣ ይቅርታ፣
የሞተው አብዶሽ ነው፤ አብዶሽ የለውም ጡረታ።
ጡረታው የዶሼ ነው፤ ዶሼ ደግሞ መቼ ሞተ?’
በዚህ ሦስት ዓመት ሄደ፤ ሁለት ጥንድ ጫማ ሞተ።

ወረቀት አስገባሁ ከነካርቦኑ።
‘አመልካች፦ ወይዘሮ ሩማና ዩያ። ተጠሪ፦ የለም።’
ስሞቹ ሁለት ቢሆኑም ሰውየው አንድ ነው አልሁ፤
‘ዶ’ን አብዶሽ ላይ ሞላሁ፣ ‘ዶ’ን ዶሼ ላይ ሞላሁ፤
ከሁለቱም ስም የተሰበረው ፊደል አንድ መሆኑን ያኔ አየሁ።

እሷ አጠገቤ በርጩማ ላይ ሆና ትጨምራለች፦
‘ማንኮራፋቱን ጻፍ።
ግራ ጆሮው በባቡር ፊሽካ መደንቆሩን ጻፍ።
የግራሶ ሽታው ለሳሙና እምቢ እንዳለ ጻፍ።’
‘ሕጉ ይህን አይጠይቅም፣ ሩማና።’
‘ታዲያ ሕጉ በምን ያውቀዋል?’
ጠበቃ ብሆን መልስ አላጣም ነበር።

ሁለት ምስክር ቆጠርን፣ ከአንድ ፈረቃ የተረፉ፤
አንዱ አሁንም ዶሼ ይለዋል፣ አንዱ አብዶሽ።
ከግርጌ ‘እውነት መሆኑን በቁጥር ዘጠና ሁለት አረጋግጣለሁ’፤
አውራ ጣቷ በዘይት ብዛት መስመሩ ጠፍቷል፤
ሁለቴ አስነካኋት፤ በሁለተኛው ትንሽ ታይቷል።

ሐምሌ ላይ ተመለሰች። ማኅተሙ ገና ይሸታል።
‘አንብበው።’ አነበብሁ።
‘ድገመው።’ ደገምሁ፦
‘አብዶሽ የተባለውና ዶሼ የተባለው
አንድና ያው ሰው ነው።’

እልልታ ነበር የጠበቅሁት።
ባጃጅ አለፈ። የኒም ፍሬ መኪናው ላይ ጠብ አለ።
በቀብሩ ዕለት እንኳ እንባ ያልወጣት ሴት፣
ሰፈሩ እስከ ዛሬ የሚያማት፣
ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች።
‘በቃ’ አለች፣ ‘ዶሼም ሞተ።’

አለቀሰች። ወረፋው ቆሞ ያያል።
እኔም የማደርገው ቢጠፋኝ
ውሳኔው ላይ ጠጠር ጫንሁበት።